ቦቴው ከጅቡቲ፣ መብራቱ ከቆቃ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዳማ ሲታይ

(ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለሾፌሮችና ለቴክኒክ ተማሪዎች አዳማ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ጋራዣችሁን ዘግታችሁ፣ ከተራችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የቀን ገቢ ቀርቶባችሁ ነው የመጣችሁት፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ጊዜ የሚወራው አዲስ አበባ ላይ፣ መኪና መሸጫ ደጃፍ ነው። እኔ ግን ነገሩ ከአዳማ ሲታይ የበለጠ ይገለጣል ባይ ነኝ። የአገራችንን ተሽከርካሪ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የሚመጣው በሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱም እዚሁ አጠገባችን ያልፋሉ። አንደኛው ከጅቡቲ ተነስቶ በአዋሽና በመተሐራ አድርጎ የሚገባው የቦቴ መስመር ነው። ሌላው ከቆቃ የሚነሳው የመብራት መስመር ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ ሲጀምር ወጪው ጣሊያን ለወረራው ከከፈለችው የጦር ካሳ ነበር። ከእሱ በታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ተከተሉ። ከዚያም በ2004 የመጀመሪያው የአዳማ ነፋስ ኃይል 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ይዘው ቆሙ። በበጋ የግድብ ውኃ ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታልና ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

ዛሬ የምለው በአጭሩ ይህ ነው፦ መኪናው የሚያሸንፈው በራሱ ጥሩነት ብቻ አይደለም። ከኋላው ያለው መስመር፣ ማደያና ጋራዥ ነው የሚወስነው። ይህንን ከመቶ ዓመት በፊት የሆነው ነገር ያሳየናል።

እ.ኤ.አ. በ1899 ካሚል ጄናትዚ የሚባል የቤልጂግ ሰው በመኪና ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ፣ መኪናው የኤሌክትሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት መኪኖች ከሩብ በላይ የሚሆኑት በባትሪ የሚሄዱ ነበሩ። አያጨሱም፣ አይጮኹም፣ ማርሽ የለባቸውም። የቤንዚኑን መኪና ለማስነሳት ግን ከፊት ለፊት ቆሞ ብረት በእጅ ማዞር ግድ ነበር፤ ብረቱ ተመልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብራል። ታዲያ ያ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ1908 ፎርድ ርካሹን ሞዴል ቲ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1912 ደግሞ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው ሞተር ማስነሻ፣ ማለትም ሞተሪኖ፣ በካዲላክ ላይ ተገጠመ። አያችሁ፣ የቤንዚንን መኪና ከእጅ ማዞር ያዳነው ራሱ በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ለእኔ ግን ከሁለቱም የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ገጠር መብራት አልነበረውም። ቤንዚን ግን በቆርቆሮ ተሞልቶ ሱቅ ውስጥ ይሸጥ ነበር። ገበሬው ከከተማ ወጥቶ መሄድ ሲፈልግ የኤሌክትሪኩ መኪና ከመስመሩ ጫፍ ማለፍ አልቻለም፤ የቤንዚኑ ቻለ።

ወደ እኛ አገር የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲመጣ የተነሳው ከጅቡቲ ነው፤ ያለ መንገድ፣ በብዙ ድካም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውም ነዳጁም ከባሕር በር ነው የሚገቡት። በመካከሉ የአሰብ ማጣሪያ ነበረ፤ እሱም በ1989 ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ በታንከራችሁ የሚገባው እያንዳንዱ ሊትር ውጭ አገር ተጣርቶ ያለቀ፣ በዶላር የተገዛ ነው። የነዳጅ ሰልፍ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማደያው ባዶ ሆኖ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በእጥፍ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከኤሌክትሪክ መኪና በፊት የኤሌክትሪክ ባቡር ቀድሞናል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ጀመረ። በዚህ በኩል የሚያልፈውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የጅቡቲ መስመርም በ2010 መደበኛ ሥራውን ሲጀምር በኤሌክትሪክ ነው። አያቶቻችን በእንፋሎት፣ አባቶቻችን በናፍጣ በሄዱበት አቅጣጫ ማለት ነው።

የመኪናው ነገር የተጣደፈው ከዚያ በኋላ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በዚያው ዓመት ማራቶን ሞተር የሚባለው ኩባንያ የሃዩንዳይ አዮኒክን የኤሌክትሪክ መኪና እዚህ አገር ገጣጠመ። እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና ላይ ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ኤክሳይሱንና ሱር ታክሱን አነሳ። ጉምሩኩንም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለሚገጣጠመው 5 በመቶ፣ እዚህ ሙሉ በሙሉ ለሚገጣጠመው ዜሮ አደረገው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም አለ። እንዲህ ያለ ክልከላ ተግባራዊ ያደረገ አገር ከእኛ በፊት አልነበረም።

በሌላ በኩል የነዳጅ ድጎማው ይነሳ ጀመር። በ2014 ክረምት መግቢያ ላይ ሊትሩ ከ50 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 ከ100 ብር አለፈ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመኪናውም ዋጋ አብሮ ወጣ፤ ስለዚህ የታክሱ ቅናሽ ሰው እንዳሰበው ያህል ኪስ አልደረሰም። ያም ሆኖ ሚኒስቴሩ አገር ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ደርሰዋል ይላል። አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ቢዋይዲውም፣ እዚያ የሚመረተው ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6ም።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀውን ጥያቄ ላንሳ፦ መብራቱ ይበቃል ወይ? እስቲ ወረቀት አውጡና አብረን እንሥራው። 100 ሺህ መኪና በቀን 30 ኪሎ ሜትር ይሂድ። አንድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ድምሩ በቀን 510 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በመስመርና በቻርጀር ላይ የሚባክነውን ጨምረን 600 ሺህ እንበለው። ለ24 ሰዓት ሲካፈል 25 ሜጋ ዋት ይመጣል። ቆቃ ብቻውን በሙሉ አቅሙ ቢያመነጭ ከሚሰጠው ግማሹን ጥቂት አለፍ የሚል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ በዓመቱ የኃይል መጠን ከሆነ ጭንቀት የለብንም።

ጭንቀቱ በሰዓቱ ላይ ነው። እነዚያው 100 ሺህ መኪኖች ባለቤቶቻቸው ከሥራ ሲገቡ ምሽት 1 ሰዓት ላይ በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አንድ ላይ ቢሰኩ 700 ሜጋ ዋት ይጠይቃሉ። ተከዜና ጊቤ ሁለት በሙሉ አቅማቸው አንድ ላይ ቢሠሩ የሚሰጡት ያህል ነው። ሰዓቱ ደግሞ ምጣድ የሚጣድበት፣ አምፖል ሁሉ የሚበራበት ነው። ግድቡ ቢችል እንኳ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አይችልም። 200 ኬቪኤ የሆነ፣ ማለትም ቢበዛ 200 ኪሎ ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር፣ 25 መኪና በዚያ ቻርጀር ሲሰካበት 175 ኪሎ ዋቱ ሄደ፤ ለጎረቤቱ ምጣድ የቀረው ኢምንት ነው። የሰፈራችሁን መብራት በክረምት ምሽት እያሰባችሁ ይህን ቁጥር መዝኑት።

መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም። አንደኛ፣ ለብዙ ሰው 7 ኪሎ ዋት አያስፈልገውም። ተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ለስምንት ሰዓት ያህል ቢሰካ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ያ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ሶኬቱና ገመዱ ግን ለሰዓታት ሳይግል የሚሸከም ይሁን፤ ኤርዝ ሳይኖረው መሰካት አደጋ ነው። ሁለተኛ፣ የሌሊት ታሪፍ ከቀን ታሪፍ መርከስ አለበት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ዋጋ በየጊዜው ከፍ እያለ እንደሚሄድ ተነግሮናል። እንግዲያው ሲጨመር ሰዓትን እንዲለይ ተደርጎ ይጨመር። ሰው እኩለ ሌሊት ላይ እንዲሰካ ከተፈለገ ልዩነቱን ቢሉ ላይ ማየት አለበት።

ስለ መንገዱ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም የእኛ አገር አቀማመጥ ለኤሌክትሪክ መኪና ምን ያህል እንደሚያደላ የሚነገረው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዳማ 1,700 ገደማ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ዳገት ላይ ማርሽ እየቀነሳችሁ የምትለምኑት ለዚያ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። እንጦጦም ላይ ሶደሬም ላይ ጉልበቱ ያው ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ይከፍላል። ከነሰዉ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ለመውጣት ለከፍታው ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል። ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በፈጣኑ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ካልን፣ ወደ አዳማ ስትወርዱ 15 አካባቢ፣ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ 22 አካባቢ ይሆናል። ደርሶ መልስ 37 ነው። ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ይህን ሳይጨነቅ ይሄዳል። እንደ ቢዋይዲ ሲገል ያለ ትንሽ መኪና ግን 30 ወይም 39 ገደማ ብቻ ስለሚይዝ አዳማ ላይ ሳይሞላ መመለሱ ያሰጋል። ሻጩ «305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲላችሁ ያ ቁጥር በቻይና መለኪያ፣ በዝግታ አነዳድ የተገኘ መሆኑን አስታውሱ። በ110 እየነዳችሁ፣ ኤሲ ከፍታችሁ፣ ዳገት እየወጣችሁ አታገኙትም።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ወደ አሰላ የሚወጣው፣ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚሄደው፣ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሁሉ አዳማ ላይ ነው የሚገናኘው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቶ በቴሌብር ማስከፈል ጀምሯል። አዳማ ላይ ግን እንዲህ ያለው ጣቢያ ለእኛ ምቾት ብቻ የሚሠራ አይሆንም፤ ምሥራቁና ደቡብ ምሥራቁ በኤሌክትሪክ መኪና ይደረስበታል ወይስ አይደረስበትም የሚለውን ይወስናል። የአሜሪካው የኤሌክትሪክ መኪና ከመቶ ዓመት በፊት የቆመው መስመሩ ባበቃበት ቦታ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ።

አሁን በጣም ወደማምንበት ነገር ልምጣ። እስካሁን ቅናሹን ያገኘው በአብዛኛው የቤት መኪና የሚገዛ ሰው ነው። እሱን አልነቅፍም። ዶላር ለማዳን ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል እላለሁ። የቤት መኪና በቀን 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ 2.4 ሊትር ይቆጥባል። ሚኒባስ 150 ኪሎ ሜትር ሲመላለስ የሚያቃጥለው 16 ሊትር አካባቢ ነው። አንድ ሚኒባስ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር የስድስት ሰባት የቤት መኪና ያህል ያድናል፤ የሚጠቀመውም ቲኬት ቆርጦ የሚሄደው ሕዝብ ነው።

ባጃጁ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። አዳማ ከጋሪ ወደ ባጃጅ የተሻገረች ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ታሪፉን ከፍ አድርገን በ10 ብር እንኳ ብናስበው 70 ብር ነው። በቤንዚን 3 ሊትር ብንል ከ300 ብር በላይ ይሄዳል። ልዩነቱ በየቀኑ ለሾፌሩ ቤት የሚገባ ገንዘብ ነው። «ታዲያ ባትሪው እስኪሞላ ሥራ ፈትቼ ልቀመጥ?» ትሉኝ ይሆናል። ኔፓል ይህን ከ30 ዓመት በፊት መልሳዋለች። ካትማንዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሳፋ ቴምፖ የሚባሉ ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ጀመሩ፤ ከሚነዷቸውም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ባትሪያቸው የድሮው የእርሳስና የአሲድ ዓይነት ሆኖ ቀኑን ሙሉ ስለማያደርስ ሾፌሯ እኩለ ቀን ላይ ጣቢያ ገብታ ያለቀውን አውርዳ የተሞላ ባትሪ ጭና ትወጣ ነበር። ኔፓል እንደ እኛ ወደብ የላትም፣ ነዳጅ ሁሉ ከውጭ ነው፣ መብራቷ ከውኃ ነው። እዚህም የባጃጅ ማኅበራት አሉ፣ ተራም አለ፣ ተራ አስከባሪም አለ። ባትሪ መለዋወጫ ጣቢያ ለማቆም ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት ከየት ይመጣል? ባትሪውን ማኅበሩ ቢይዘው፣ ሾፌሩ የሚገዛው ተሽከርካሪውን ብቻ ይሆናል፤ መነሻ ካፒታሉም ይቀንሳል። ባንኮችና ከተማ አስተዳደሩ ገንዘብና ቦታ ይዘው ይግቡበት።

ኖርዌይንም ብዙ ሰው ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያ ከተሸጡት አዲስ መኪኖች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት የኤሌክትሪክ ነበሩ። ኖርዌይ ግን የታክስ ቅናሹን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ በመካከል ለጣቢያና ለባለሙያ 30 ዓመት አግኝታለች። እኛ በሁለትና በሦስት ዓመት ነው የገባንበት። ስለዚህ የጎደለንን በጊዜ መጠበቅ አንችልም፤ በሥልጠና ነው የምንደርስበት።

ጋራዦቻችን፣ ይህ ለእናንተ ነው። ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሚታ የለም፣ ሞተር ማውረድ የለም። እንጀራችሁ ግን አልቋል ማለት አይደለም። መኪናው ስለሚከብድና ጉልበቱ ወዲያው ስለሚመጣ ጎማ ቶሎ ይበላል። አሞርዛተርና ኩሽኔታ እንደ ድሮው ይሠራል። ፍሬን ሸራው ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ብዙ ስለማይነካ ግን ዝጎ ሊነክስ ይችላልና መፈታትና መጽዳት ይፈልጋል። «አልነሳ አለኝ» ተብሎ ተጎትቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ትልቁ ባትሪ ደህና ሆኖ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞታ ነው፤ መጀመሪያ እሷን ለኩ።

የሚያሳስበኝ ከትልቁ ባትሪ የሚነሳው ብርቱካናማ ገመድ ነው። እሱ ውስጥ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዲሲ አለ። የቤት መብራት ነዝሮህ ተርፈህ ይሆናል፤ ይህ አይምርም። እስከ 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት ሳታደርጉ፣ የባትሪውን መቁረጫ ሳትነቅሉ፣ ከነቀላችሁም በኋላ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ጠብቃችሁ በሜትር ዜሮ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትንኩ። የኤሲ ባለሙያዎችም አደራ፦ የእነዚህ መኪኖች ኮምፕሬሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ለተራው መኪና የምትሞሉት ዘይት ከገባበት ኢንሱሌሽኑን ያበላሻል። በአዳማ ሙቀት ኤሲው ለሰው ብቻ አይደለም፤ በብዙዎቹ መኪኖች ባትሪውንም የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። የቴክኒክ ተቋማት ይህን ለመደበኛ ተማሪ ብቻ ሳይሆን 20 ዓመት ሞተር ሲያወርድ ለኖረው መካኒክም በማታ ክፍለ ጊዜ ማስተማር አለባቸው። ሙያውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ የጎደለው አዲሱ ክፍል ብቻ ነው።

በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ልጻፍ።

አንድ አባት «ገጠሩ በጨለማ ተቀምጦ ለመኪና መብራት መስጠት ፍትሕ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። ነገር ግን ገጠሩ መብራት ያጣው ግድብ ውስጥ ኃይል ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ስለሌለው ነው፤ እነዚህ ደግሞ ብዙዎቹ በዶላር ይገዛሉ። ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ሲቀንስ የተረፈው ወደዚያ መሄድ አለበት። ይሄዳል ወይ የሚለውን መጠየቅ የሁላችንም መብት ነው፤ እኔም እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው የአንድ ወጣት ሾፌር ነው፦ «ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይ?» ወንድሜ፣ ግዛ፤ ግን ኪሎ ሜትሩን አይተህ ብቻ አትወስን። ስካነር አስገብተህ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ አንብብ፤ ሴሎቹም እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ እይ። መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ከፍ አስደርገህ ከሥር ግባ፤ ባትሪው ወለሉ ሥር ነውና ኮረኮንች የመታው፣ የጎደጎደ ወይም ውኃ የገባበት ምልክት ካለ ተወው። የቻርጅ ማስገቢያው የቻይናው ነው ወይስ የአውሮፓው የሚለውን አጣራ፤ በምትሄድበት መንገድ ያለው ጣቢያ የሚገጥምህ መሆን አለበት። ሶፍትዌሩ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ እዚህ ከተማ የሚከፍትልህ ባለሙያ መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ። ሻጩ ስካነር አላስገባም ካለህ ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትተኸው ሂድ።